ለክርስትናዋ የተቀመጠው ሻምፓኝ

አሶሳ ስገባ ክልሉ ገና አዲስ ነበር። ቢሮዎቹ የሰው መኖሪያ ቤት ተከራይተው ይሠራሉ፤ አንዲት የጽሕፈት መኪና በሰው ትከሻ ከግብርና ወደ ትምህርት፣ ከትምህርት ወደ ጤና ትመላለሳለች። እኔ ከደብረ ማርቆስ የተመደብኩ አስተማሪ ነበርኩ። ባለቤቴ ግብርና ቢሮ ማሽላና ሰሊጥ ይዞ ይሠራል። የተማረው ግን ሌላ ነው። በደርግ ጊዜ ሞልዶቫ ተልኮ አምስት ዓመት ወይን ሲጠምቅና ሲቀምስ ኖሮ ነው የመጣው። እንዲህ ያለ ሰው ወይን በማይበቅልበት አገር ተመደበ። «እንግዲህ ማንጎ እጠምቃለሁ» እያለ በራሱ ይስቅ ነበር።

ከዚያ አገር ያመጣው ሀብት አንድ ጠርሙስ ሻምፓኝ ነው፤ ስኳር የሌለበት፣ ደረቅ የሚሉት ዓይነት። ሲመረቅ ሽማግሌው መምህሩ «ለመጀመሪያ ልጅህ ክፈተው» ብለው የሰጡት። ከአዲስ አበባ አሶሳ ድረስ ሁለት ቀን በአውቶቡስ ስንመጣ ጭኑ ላይ ታቅፎት ነበር።

የአሶሳ ሙቀት እንዳያበላሽበት ተጨነቀ። ጎረቤታችን ገበያ ላይ ሸክላ የሚሸጡ ሙስሊም የበርታ እናት ነበሩ። ከእሳቸው ትልቅ እንስራ ገዛ፤ ጓዳ ውስጥ መሬቱን ቆፍሮ እስከ አንገቱ ቀበረው፤ እርጥብ አሸዋ ሞልቶበት ጠርሙሱን ውስጡ ደበቀው። እኚያ እናት አማርኛ ሁለተኛ ቋንቋቸው ስለሆነ ወንዱንም ሴቷንም «አንተ» ነው የሚሉት። «ያንተ ባል በዚህ እንስራ ምን ያደርጋል?» ብለው ጠየቁኝ። ልዋሻቸው አልቻልኩም።

«የመጠጥ ጠርሙስ ሊያስቀምጥበት ነው፣ እማማ።»

«እንግዲያ ለኔ አትመልስ» ብለው ሳቁ።

በዓመቱ አረገዝኩ። ባለቤቴ ከሥራ ሲገባ መጀመሪያ እኔን፣ ቀጥሎ አሸዋውን ያያል። ደርቆ ካገኘው ውሃ ያርከፈክፍበታል። «ወንድ ከሆነ በአርባ ቀኑ፣ ሴት ከሆነች በሰማንያ ቀኗ» ይለኛል። እኔ እስከዚያ ድረስ ከጠጅና ከጠላ ሌላ ቀምሼ አላውቅም። ሻምፓኝ ሲባል የሚመጣልኝ ሠርግ ላይ ቡሹ እየጮኸ ሲፈናጠር ነው።

ልጃችን ሞታ ተወለደች።

ምጡ አንድ ቀን ተኩል ፈጀ። አዋላጇ የምትችለውን ሁሉ አድርጋልኛለች፤ እሷን የምወቅስበት ነገር የለኝም። በመጨረሻ የልጅ ለቅሶ ልሰማ ጆሮዬን ጥዬ ጠበቅሁ። ክፍሉ ዝም አለ። «ምንድን ነው?» አልኩ።  አዋላጇ ጠቅልላ ስታሳየኝ ፀጉሯ ጥቁርና ብዙ ነበር። ጣቶቿ የአባቷ ናቸው፤ ረዣዥም።

ክርስትና ያልተነሳ ልጅ ፍትሐት የለውም፤ ድንኳን አይጣልለትም። ባለቤቴ ከአንድ የቢሮ ጓደኛው ጋር ወስዶ ቀበራት። የት እንደሆነ አልጠየቅሁትም። የሥራ ባልደረቦቼ በር ላይ ቆመው «ገና ልጆች ናችሁ፣ ሌላ ትወልዳላችሁ» እያሉ ተመለሱ። ክፋት የለባቸውም፤ የሚሉት አጥተው ነው።

በሦስተኛው ቀን ወተቴ መጣ። ጡቴ እንደ ድንጋይ ደነደነ፣ ቀሚሴ ራሰ። ለእናቴ እንኳ ልነግራት የማልችለው ነገር ነበር። ጎረቤቴ ገብተው አዩኝና ምንም ሳይጠይቁ በነጠላ ጠበቅ አድርገው አሰሩልኝ። ከዚያ ምንጣፍ አንጥፈው ቀኑን ሙሉ አጠገቤ ዋሉ። «አይዞህ፣ ልጄ። ሰብር አድርግ» ይሉኛል፤ ትዕግሥት ማለታቸው ነው። ብዙ ሰው «አይዞሽ» ብሎኛል። ያስለቀሰኝ ግን የእሳቸው «አይዞህ» ነው።

 ከባለቤቴ ጋር ከሁለት ወር በላይ «ውሃ መጥቷል?»፣ «ራትሽን በልተሻል?» ከሚል ያለፈ ቃል አልተለዋወጥንም። እኔ እሱ የረሳት መሰለኝ። ለዚህም ጠላሁት፤ እውነቱን ለመጻፍ ነው የተቀመጥኩት።

ሰማንያኛው ቀን ቅዳሜ ዋለ። እንደ ቆጠርኩ ለማንም አልተናገርኩም። ከምሳ በኋላ ጓዳ ውስጥ አሸዋ ሲጫር ሰማሁ። ባለቤቴ ጠርሙሱን ይዞ ወጣ።

«ምን ልታደርግ ነው?» አልኩት።

«ልከፍተው።»

«ምን ደስ ብሎን?»

«ዛሬ ነበር ክርስትናዋ» አለ። «የሷ ነው። ለሌላ አላስቀምጠውም።»

ልጮህበት ተነሳሁ። ፊቱን ሳየው ተመልሼ ተቀመጥኩ።

ጠርሙሱን በእርጥብ ጆንያ ጠቅልሎ ነፋስ በሚመጣበት መስኮት ላይ አኖረው፤ ፍሪጅ አልነበረንም። ጆንያው በደረቀ ቁጥር እያረጠበ ሁለት ሰዓት ያህል ጠበቀ። እስከዚያ ሁለት ብርጭቆ በሙቅ ውሃ አጠበ። ሳሙና ላቀብለው ስል «አይሆንም፣ ሳሙና አረፋውን ይገድለዋል» አለኝ። ጨርቅም ሳያስነካ በነፋስ አደረቃቸው። ከልጃችን ወዲህ እጁ እንዲህ ተረጋግቶ ሲሠራ አላየሁም ነበር።

ሽቦውን ፈታ። ቡሹን በመዳፉ ጨብጦ ጠርሙሱን ቀስ እያለ አዞረው። ጩኸት ስጠብቅ የሰማሁት እንደ ትንፋሽ ያለ ድምፅ ብቻ ነው። «የሚያስጮሁት አላዋቂዎች ናቸው» አለ። ብርጭቆውን አጋድሎ በትንሽ በትንሹ ቀዳ። ከሥሩ ጥቃቅን አረፋ እንደ ክር ተሰልፎ ይወጣል፤ አያቋርጥም። ቀለሙ የደረቀ ሣር ይመስላል።

«መጀመሪያ አሽትቺው።»

አሸተትኩ። ሊጥ ሸተተኝ፤ ከሊጡ በኋላ የሎሚ ልጣጭ።

«ሊጥ ነው» አልኩት፣ የተሳሳትኩ መስሎኝ።

«ልክ ነሽ! እርሾው ነው» አለ። ፊቱ ትንሽ በራ። «ጠርሙሱ ውስጥ ሁለተኛ ጊዜ ይፈላል። እርሾው ስኳሩን በልቶ ይጨርስና ይሞታል። ሞቶም ከወይኑ ጋር ለዓመታት ይተኛል፤ ያን ሽታ የሚሰጠው የሞተው...» እዚያ ላይ ቆመ። ብርጭቆውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

ዝም እንዳይል ፈርቼ ተጎነጨሁ። ኮምጣጣ ነው፤ ጠጅ የለመደ ምላሴ ተኮማተረ። «ቶሎ አትዋጪው» አለኝ። አፌ ውስጥ አቆየሁት። አረፋው ምላሴ ላይ ይርመሰመሳል፣ ግን አይወጋም። ኮምጣጣው ቀስ በቀስ ሌላ ነገር ሆነ፤ ጥሬ ማንጎ በጨው ሲበሉት መጨረሻ ላይ የሚመጣው ዓይነት ጣዕም። ከዋጥኩት በኋላም አልለቀቀኝም። በሕይወቴ እንዲህ ያለ ንጹሕ ነገር ቀምሼ አላውቅም። ጣመኝ። በዚያ ቀን አንድ ነገር ስለጣመኝ አፈርኩ።

«ጥሩ ነው?» አለኝ።

«በጣም ጥሩ ነው።»

«አልተበላሸም» አለና ፊቱን በእጁ ሸፈነ። ያን ጊዜ ድምፁን ሳይደብቅ አለቀሰ። ሊያወጣላት ያሰበውን ስም የነገረኝም ያን ቀን ነው። እኔም የማን መልክ እንደነበራት ነገርኩት፤ እሱ ፊቷን ገልጦ ለማየት አልደፈረም ነበር። የቀበራት ከከተማው ወጣ ብሎ አንድ ዋርካ ሥር መሆኑን ነገረኝ። ጠርሙሱን ግማሽ ያህል እየቀመስን አመሸን። በማግስቱ አብረን ሄደን ቦታውን አሳየኝ።

ያ ቀን አስታረቀን ብል ደስ ባለኝ። ለጥቂት ወራት አስታርቆናል። ከዚያ እሱ ወደ ግልገል በለስ ተዛወረ። በአንድ ክልል ውስጥ ሆነን መካከላችን ዓባይ ነበርና፣ ለመገናኘት በአዲስ አበባ በኩል ዞሮ መምጣት ግድ ነበር። መጀመሪያ በየወሩ ደብዳቤ ይመጣል፤ ኋላ በበዓል በበዓል ብቻ። ሌላ ልጅ አልመጣም። ማናችንም ሌላውን አልበደልንም። ስንገናኝ ግን ያችው ልጅ በመካከላችን ትቀመጣለች፣ እኛም ስለ እሷ ማውራት አቅቶን ስለ ሌላ ነገር ማውራት አልቻልንም።

በሦስተኛው ዓመት አዲስ አበባ ተገናኝተን የፍቺውን ወረቀት ፈረምን። ስንወጣ ምሳ ሰዓት ነበር። «አብረን እንብላ?» አለኝ። አንድ ምግብ ቤት ገብተን ዓሣ አዘዝን። አጥንቱን እየለቀመ ሥጋውን ወደ እኔ በኩል ገፋልኝ፣ እንደ ድሮው። ስለ ተማሪዎቼ ጠየቀኝ፤ ስለ ሰሊጡ ጠየቅሁት። ከዚያ ታክሲ ድረስ ሸኘኝ፣ በሩን ዘጋልኝ፣ ታክሲው እስኪነሳም እጁን መስኮቱ ላይ አሳርፎ ቆመ።