የአቶ ሣህሌ ሁለት ክብ ቆዳዎች

ኢተያ ውስጥ ኮርቻውን ከአቶ ሣህሌ ደጅ ያልገዛ ፈረሰኛ ማን ነበር? ቆዳ ይነክራሉ፣ ይፍቃሉ፣ ያለፋሉ፣ ይሰፋሉ። ከኋላቸው «ፋቂ» የሚላቸው ሁሉ፣ እጃቸው በሠራው ኮርቻ ላይ ሲፈናጠጥ ግን ቅር አይለውም። ወይ ሰው!

በዚያው እጃቸው አንድ ልጃቸውን በዛብህን አስተማሩ። በደርግ ጊዜ ምሥራቅ ጀርመን ተልኮ፣ የኮምፒውተር ቺፕ የሚሠራበት ፋብሪካ ውስጥ ሠልጥኖ መጣና አሰላ የፊዚክስ አስተማሪ ሆነ። ሰው ፊት ግን «አባቴ» ብሎ ጠርቷቸው አያውቅም። አሰላ በሄዱ ቁጥር «የሰፈራችን ሰው ናቸው» ይላል። ሣህሌ ሆድ ይፍጀው ብለው ተዉት። ሳይሞቱ አንድ ቀን ሰው ፊት «አባቴ» እንዲላቸው ብቻ ይመኙ ነበር።

ታዲያ አንድ ጊዜ፣ ማስተማሪያ ይሆነኛል ብሎ ሁለት ክብ ቆዳ አዘዛቸው፤ አንዱ ትንሽ፣ አንዱ ሰፊ። ራሳቸው ተሸክመው ወሰዱለትና የመማሪያ ክፍሉ በር ላይ ተቀመጡ።

በዛብህ ቆዳዎቹን ተማሪዎቹ ፊት ሰቅሎ በጠመኔ አራት ማዕዘን አራት ማዕዘን አድርጎ አሰመረባቸው።

«ዋፈር ማለት ቺፕ የሚቆረጥበት ስስ ክብ የሲሊኮን ዝርግ ነው። ዋፈሩ ክብ፣ ቺፑ ግን ማዕዘን አለው፤ ስለዚህ ጠርዙ ይባክናል። ሰፊው ላይ ብክነቱ ከስፋቱ አንጻር ያንሳል። ማጠቡና ምድጃ ማስገባቱ ደግሞ ጠበበም ሰፋም ድካሙ ተቀራራቢ ነው። ቆዳም ቢሆን መንከሩ እንደዚሁ ነው። በአንድ ድካም ብዙ ቺፕ ከተገኘ ዋጋው ይረክሳል።»

ፋጡ የምትባል ተማሪ እጇን አወጣች። «ቲቸር፣ የቆዳውን በምን አወቁ?»

በዛብህ ወደ በሩ አየት አደረገና «እኒህ ሰውዬ ነገሩኝ» አለ። «ቆዳ ሻጭ ናቸው።»

ሣህሌ ተነሥተው ሄዱ። 

ቅዳሜ በዛብህ ኢተያ መጥቶ እግራቸው ላይ ወደቀ። «አባዬ፣ ይቅር ይበሉኝ!»

«አንተ ልጅ፣ ስለ ቀዳዳ አላስተማርካቸውም» አሉት። «ቆዳ ቢበሳ፣ ያቺ ቁራጭ ትጣላለች እንጂ ሙሉው ይጣላል እንዴ?»

«ዋፈርም እንደዚያው ነው» አለ እያለቀሰ። «ጉድፍ የነካው ቺፕ ብቻ ነው የሚጣለው።»

«እንግዲያስ እሱንም ንገራቸው። እኔ ግን እዚያ በር ላይ ሁለተኛ አልቀመጥም።»

በሳምንቱ በዛብህ ተማሪዎቹን ይዞ እዚያው ኢተያ አባቱ ደጅ መጣ። የቆዳው ሽታ ሲቀበላቸው አንዳንዶቹ አፍንጫቸውን ያዙ። እሱ ኮቱን አወለቀ፣ እጅጌውን ሰበሰበና የቆዳ መፋቂያውን ከሽማግሌው እጅ ተቀበለ።

«ፋጡ፣ በምን አወቁ ብለሽኝ ነበር» አለ፣ ቆዳው ላይ እንደጎነበሰ። «ያን ቀን ዋሸሁሽ። እኒህ አባቴ ናቸው። እኔም ይህን ስፍቅ ነው ያደግሁት።»

ሣህሌ ቆዳው እንዳይንሸራተት ጫፉን ያዙለት።