የተገዘተው የድንጋይ ክምር

የደብራችን ሰበካ ጉባኤ ጸሐፊ ሆኜ የተመረጥሁት የእጅ ጽሑፌ ስለሚያምር ነው፤ ሌላ ምክንያት ካለ እስካሁን አልነገሩኝም። የሒሳብ መምህር ነኝ። በምርጫው ዕለት አንድ ሽማግሌ ተነሡና «ይኼ ልጅ ሰሌዳ ላይ ሲጽፍ አይቸዋለሁ፤ መስመር አይስትም» አሉ። እጅ ወጣ፣ ተጨበጨበ፣ አለቀ። የጉባኤ ሥራ ማለት የጧፍ፣ የዕጣንና የጣራ ቆርቆሮ ጉዳይ ይመስለኝ ነበር። የመጀመሪያው ስብሰባችን ግን ስለ ባጃጅ ሆነ።

ቤተ ክርስቲያናችን ያለው ከወገዳ ወደ ንፋስ መውጫ ስንሄድ በምናልፍበት መንገድ ዳር ነው። ባጃጆቹ ደጀ ሰላሙ ፊት ለፊት ተደርድረው ሰው ይጠብቃሉ፤ በገበያ ቀን ደግሞ አይሱዙው መጥቶ ጭነቱን እዚያው ያራግፋል። ባለፈው ክብረ በዓል ታቦቱ ሲወጣ ድባብ የያዙት ዲያቆናት በአይሱዙውና በአጥሩ መካከል በጎን እየተሹለከለኩ ነው ያለፉት። የቀበሌው ሰዎች «ከበሩ ፊት ያለው ቦታ የቤተ ክርስቲያን ነው፤ እናንተ አስነሧቸው» ይሉናል። እኛ «መንገድ የመንግሥት ነው፤ እናንተ አስነሧቸው» እንላለን። ባጃጅ ነጂዎቹ ሁለታችንንም በአክብሮት ሰምተው እዚያው ይቆማሉ። ሁሉም የሚናገረው እውነት ይመስለኝ ነበር። ቃለ ጉባኤውን ቤት ወስጄ ሳነብበው ማን ምን እንደ ወሰነ አይገባኝም፤ የጻፍሁት ደግሞ ራሴ ነኝ።

ከብዙ ክርክር በኋላ አንድ ነገር ላይ ተስማማን። ከቤተ ክርስቲያኑ ዝቅ ብሎ መንገዱን የሚቆርጥ ቦይ አለ። በየክረምቱ ጎርፍ እየበላው ሰፍቷል፤ መኪና በበጋም ቢሆን የሚያልፈው እየተንገዳገደ ነው። ምእመኑ ድንጋይ ያምጣ፣ ቦዩ ይሞላ፣ በተረፈው ከመንገዱ ማዶ ለባጃጅ ማቆሚያ ይደልደል ተባለ። አገራችን ጥቁር አፈር ነው። ድንጋይ የሚገኘው ሩቅ፣ ከገደሉ ሥር ነው። ሰው በትከሻው፣ ያለው በአህያው፣ ሁለት ወር ሙሉ ሲያመላልስ ከረመና ከቦዩ አጠገብ ትልቅ ክምር ቆመ። እኔም ከተማሪዎቼ ጋር ሦስት ቀን ተሸክሜያለሁ። ወገቤ እስካሁን ያስታውሰዋል።

ከዚያ ድንጋዩ መጉደል ጀመረ።

መጀመሪያ ዐይኔ ነው ብዬ ነበር። ኋላ ሁሉም አየው። አንዱ ለቤት መሠረት፣ አንዱ ለአጥር ወስዶ ይሆናል፤ ማን እንደ ሆነ ግን የሚናገር ጠፋ። ለፖሊስ ስናመለክት ተረኛው ልጅ እስክሪብቶውን አንሥቶ ብዙ አሰበና «ምን ዓይነት ድንጋይ ነው የምለው?» አለን። የጉባኤው ምክትል ሊቀ መንበር ቶሎ የሚቆጡ ሽማግሌ ናቸው፤ «ጥቁር ድንጋይ በል!» ብለው ጮኹበትና ወጣን። እየወጡ ሳሉ መፍትሔው መጣላቸው። «ይገዘት» አሉ።

ግዝት እኛ ዘንድ ቀልድ አይደለም። የተገዘተ ሰው አይቆርብም፣ ክርስትና አያነሣም፤ ሞት ቢቀድመው ነፍሱን የሚያስጨንቃት ነገር ይኖራል ብሎ ሁሉም ያምናል። የሚፈታውም ያው የገዘተው ካህን ነው፤ ሌላ ቄስ እጁን አያስገባም። ቃሉን አርቅቅ ተባልሁና አረቀቅሁ። መስመር አልሳትሁም። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የደብሩ አስተዳዳሪ፣ የሁላችንም አባት የሆኑት ካህን፣ መስቀላቸውን ይዘው ከክምሩ ፊት ቆሙና አነበቡት። የወሰደ በሰባት ቀን ይመልስ፤ ያልመለሰ፣ ከእንግዲህም ከዚህ ክምር አንዲት ድንጋይ ያነሣ፣ በአብ በወልድ በመንፈስ ቅዱስ ቃል የተገዘተ ይሁን። ሁላችንም «አሜን» አልን። ከሁሉ ጎልቶ የተሰማው የእኔ ሳይሆን አይቀርም።

ሠራ! በሦስተኛው ቀን ሁለት ድንጋይ ማን እንዳመጣው ሳይታወቅ ተመልሶ ተገኘ። ከዚያ ወዲህ ከክምሩ ጠጠር እንኳ አልጎደለም። እንዲህ ያለ ነገር የጻፈ እጅ ነው እያልሁ ቀኝ እጄን ሳይ እኮራ ነበር።

በሳምንቱ አስተዳዳሪያችን መልእክት መጣባቸው። ድጓ ያስተማሯቸው መምህር፣ የድጓው ጉባኤ ባለበት ደብር በቤተ ልሔም፣ በጠና ታመዋል። ወዲያው በትራቸውን አንሥተው ሄዱ። ስለ ድንጋዩ ያሰበ አልነበረም፤ እኔም አላሰብሁም።

ለሥራ የተቀጠረው ቀን ማክሰኞ ነበር። ሕዝቡ ዶማና አካፋ ይዞ ወጣ። ምክትሉ ባረኩና «በሉ እንጀምር» አሉ። ማንም አልጎነበሰም። «በሉ እንጂ!» አሉ ደግመው። አንድ ገበሬ ጉሮሮውን ጠራርጎ «እርስዎ ያስጀምሩን» አለ። እሳቸውም ወደ ክምሩ ሁለት እርምጃ ሄዱና ቆሙ። ሁሉም ሰው የገባው በዚያች ቅጽበት ይመስለኛል።

«ግዝቱ ለሌባ ነው» አልሁ እኔ። «እኛ እኮ ለመንገዱ ነው የምናነሣው።»

«አንዲት ድንጋይ ያነሣ አይልም?» አለኝ ገበሬው። «አንተ አይደለህ የጻፍኸው? ለመንገድ ሲሆን አይያዝም የሚል አለበት?»

አልነበረበትም። «እንግዲያው አንተ አንሣ» አለኝ ሌላው። ሁሉም ዞሮ አየኝ። ባለቤቴ መውለጃዋ ደርሶ ነበር። በዚህ ወር እንዲህ ያለ ነገር አላነሣም አልሁ በልቤ፤ በአፌ ግን «በጉባኤ ይወሰን» አልሁ። እስካሁን የማፍርባት ቃል ናት።

ያልተባለ ነገር አልነበረም። ስልክ እንደውልላቸውና በስልክ ይፍቱን ያለ ነበረ፤ ምክትሉ «መስቀሉንስ በስልክ ልትሳለም ነው?» ብለው አፉን አስያዙት። ቢሆንም ደወልን፤ ስልካቸው አይሠራም። አንዱ ደግሞ ጨው የሚሸጡትን እስላም ጎረቤታችንን እንጥራቸው፣ እሳቸውን ግዝቱ አይይዛቸውም አለ። ሄደን ብንለምናቸው ሰውየው ጺማቸውን ዳሰስ ዳሰስ አድርገው «የሃይማኖታችሁን ነገር እኔ ብደፍረው ነገ በምን ዐይኔ ነው የማያችሁ? አባታችሁ ይምጡ፣ ያኔ ከእናንተ ጋር እሸከማለሁ» አሉን። ከሁላችንም የሚሻል መልስ ነበር። ዶማችንን ይዘን ተመለስን። እኔም «ሥራው ለጊዜው ተላልፏል» ብዬ በሚያምር ጽሑፍ መዘገብሁ።

ዝናቡ በዚያው ሳምንት ጀመረ።

ባለቤቴን ምጥ የያዛት ዓርብ ጧት ነው። የጤና ኬላዋ ሠራተኛ መጥታ አየቻትና ፊቷ ተለወጠ። «ልጁ አመጣጡ አላማረኝም፤ እዚህ አይሆንም፣ ንፋስ መውጫ ሆስፒታል መድረስ አለባት» አለችኝ። ለአምቡላንስ ተደወለ። ሲመጣ ቦዩን እንደ ምንም አለፈ። እሷን ጭኖ ሲመለስ ግን መካከሉ ላይ ሁለቱ የኋላ ጎማዎች ጭቃው ውስጥ ሰመጡ። ነጂው ነዳጅ በሰጠ ቁጥር የባሰ ይሰምጣል። እኔ ወረድሁ፤ የሞተሩን ጩኸት የሰማ ሁሉ፣ ምክትሉም ጭምር፣ ከቦዩ ዳር ተሰበሰበ። ከላይ ከተራራው ወገን ሰማዩ ጠቁሯል፤ እዚያ ከዘነበ ጎርፉ በዚህ ቦይ ነው የሚወርደው። ይህን የማያውቅ አገሬ ላይ የለም።

ነጂው ዘሎ ወረደና ክምሩን አየ። ደስ አለው፤ ምስኪን። «ድንጋይ አቀብሉኝ!» ብሎ ሮጠ። ምክትሉ «እንዳትነካ! የተገዘተ ነው!» ብለው ጮኹበት። ሰውየው ክርስቲያን ነውና ጎንበስ እንዳለ ቀረ፤ አማተበና እጁን ሰበሰበ። ከዚያ እኔን አየኝ። እኔም ክምሩን አየሁ።

ባነሣው ግዝቱ በእኔ አልፎ በእሷና በሚወለደው ቢደርስስ አልሁ። ባላነሣውስ? ሒሳብ የማስተምር ሰው ሁለት ነገር ማመዛዘን አቅቶኝ እጄን አንጠልጥዬ ቆምሁ። ባለቤቴ ከመኪናው ውስጥ ጠራችኝ። ስሄድ እጄን ጨብጣ «አባ አልተመለሱም?» አለች። «አልተመለሱም» አልኋት። ምጡ መጣባትና ለቀቀችኝ፤ ጋብ ሲልላት ያንኑ ደግማ ጠየቀችኝ። ሕመሙ ነው የሚያስለፈልፋት ብዬ «አይዞሽ» ብቻ አልሁ።

ስዞር ጠላ የሚሸጡት ጎረቤታችን ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ እያሰሩ ቁልቁል ሲመጡ አየሁ። ባላቸው የሞቱባቸው፣ ብቻቸውን የሚኖሩ፣ ከሰው ጋር እምብዛም የማይነጋገሩ ሴት ናቸው። ከማንም ጋር ሳይማከሩ ከክምሩ አንድ ትልቅ ድንጋይ አንሥተው ጎማው ሥር ጣሉት። ሕዝቡ «ወየው!» አለ።

«እትዬ፣ ተገዝቷል እኮ!» አልሁ እኔ፤ ሌላ ቃል አጥቼ።

«እኔ እንደሁ አስቀድሞ ይዞኛል» አሉ፣ ሁለተኛውን ድንጋይ እያነሡ። «የጓሮ ግድግዳዬን ጎርፍ ሲቦረቡረው አራት ድንጋይ ወስጃለሁ። ልመልስ ብል ቤቱ ይወድቅብኛል። ሰው ሁለት ጊዜ አይገዘትም። እናንተ ቁሙ።»

ቆምን። ነጂው ጎማ ሲያስተካክል፣ እኒያ ሴት ለብቻቸው ከክምሩ ወደ ቦዩ፣ ከቦዩ ወደ ክምሩ ተመላለሱ። ስንት እንዳነሡ የቆጠረ የለም። ያን ሁሉ ሰው፣ ጎረምሳውን፣ ሽማግሌውን፣ እኔን፣ አንድ ጊዜ እንኳ ቀና ብለው አላዩንም። መኪናው አጓርቶ ሲወጣ ተሯሩጬ ገባሁ። አላመሰገንኋቸውም።

ልጃችን የተወለደችው በዚያው ቀን፣ ሆስፒታል ውስጥ፣ በቀዶ ጥገና ነው። ሐኪሙ «ትንሽ ብትዘገዩ ኖሮ» ብሎ ዐረፍተ ነገሩን ሳይጨርስ ወጣ። ሁለቱም ተርፈዋል።

አስተዳዳሪያችን መምህራቸውን ቀብረው በሳምንቱ ተመለሱ። የሆነውን ሁሉ ሰሙ። እሑድ ከክምሩ ፊት ሕዝቡን ሰብስበው ግዝቱን ፈቱ። ጎረቤታችንን ለብቻቸው ጠርተው ፈቷቸው፤ ድንጋዩም ከግድግዳቸው እንዳይወጣ አዘዙ። ምክትሉ ግን ድንጋይ የወሰደው ሰው ስም ቃለ ጉባኤው ላይ ይጻፍ አሉ። «ስሙ አልታወቀም» ብዬ ጻፍሁ። «እንዴት አልታወቀም? ሁላችን ሰምተን የለም ወይ?» አሉኝ። እኔ አልሰማሁም አልሁ። መኪናው ይጮህ ነበር አልሁ። ተናደው ሳይፈርሙ ወጡ። ይህን ካደረግሁ በኋላ ከሴትዮዋ ጋር የተካካስን መስሎ ተሰማኝ፤ እንዴት እንዲህ ሊመስለኝ እንደቻለ አይገባኝም።

በማግስቱ አስተዳዳሪያችን የአራሷን ቤት ጠበል ሊረጩ መጡ። ጸሎታቸውን አድርሰው፣ ረጭተው፣ ልጅቱን ባርከው ሊወጡ ሲሉ ባለቤቴ ከአልጋዋ ላይ ቀና አለች።

«አባ፣ እኔንም ይፍቱኝ።»

«ከምኑ ነው ልጄ?»

«ከድንጋዩ።» እንባዋ መጣ። «አንድ ጠፍጣፋ ወስጃለሁ። ከጓሮው በር ላይ ጭቃው እያዳለጠኝ፣ ብወድቅ ልጁን አጠፋለሁ ብዬ ፈርቼ ነው፣ ሳይገዘት በፊት። ከተገዘተ ወዲያ ልመልሰው ብል መሸከም አቃተኝ።»

«ለምን አልነገርሽኝም?» አልሁ። ድምፄ ከፍ ብሎ ነበር።

ዞራ አየችኝ። ቁጣ እንኳ አልነበረባትም። «አንተ ነሃ የጻፍኸው» አለች።

ያን ሁሉ ሰዓት፣ ጭቃ በያዘው መኪና ውስጥ ተኝታ፣ ከነልጄ ተገዝቼ ልሞት ነው እያለች ነበር። እኔ ከውጭ ቆሜ ግዝቱ እንዳይደርስባት እጠነቀቅ ነበር። ይህን ሁለቱን ነገር አንድ ላይ ሳስበው ዛሬም ያዞረኛል።

ካህኑ መስቀላቸውን ከራሷ ላይ አድርገው ፈቷት። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩና «አንተ ውሰድና ከቦዩ ጨምረው» አሉኝ። ወጣሁ። ድንጋዩ ከጓሮው በር ላይ ነው፤ በየቀኑ እረግጠዋለሁ፣ ማን አመጣው ብዬ ግን ጠይቄ አላውቅም። ከጭቃው ነቅዬ ተሸከምሁት። ይከብዳል። እርጉዝ ሆና እንዴት እንዳመጣችው አላውቅም።

ጎረቤታችን ከደጃቸው ጌሾ ይወቅጡ ነበር። ሳልፍ ዘነዘናውን አቆሙና ተሸክሜ የምሄደውን አዩ።

«ዛሬ ነው የምታነሣው?» አሉኝ።

ድንጋዩን እንደተሸከምሁ ከፊታቸው ቆምሁ።