የሽሮ ሜዳው እንግሊዝ

ላቀው ያን አንደበት ከየት አመጣው? አምኃ ይህን ጥያቄ ከሽሮ ሜዳ እስከ ዊንጌት ትምህርት ቤት እያመነዠከ ቢመላለስም መልስ አላገኘለትም።

አብረው ያደጉ፣ ቤታቸው አንድ የጭቃ ግድግዳ የሚጋራ ጎረቤታሞች ናቸው። በእንግሊዝኛ ፈተና አንደኛ የሚወጣው አምኃ ነው። ላቀው ግን የሸማኔ ልጅ፣ ራሱም ከትምህርት መልስ የሚሸምን፣ አፉን ሲከፍት የለንደን ሰው ይመስላል።

«እንግሊዙ! ንግሥቲቱ ነጠላዬ የት ደረሰ እያለች ነው!» እያለ ክፍሉ ይስቅበታል። መምህር ኢታና ግን አልሳቁም።

«በወላጆች በዓል የእንግሊዝኛውን ንግግር የሚያሰማው ላቀው ነው። አምኃ፣ ዓርብ ሁለታችሁንም እሰማለሁ፤ ከበለጥከው ያንተ ይሆናል» አሉ።

አምኃን ቅናት ያዘው። እንግሊዝ አፉን ከፍቶ አይናገርም ሲባል ሰምቶ፣ ባቄላ በጉንጩ ይዞ መስታወት ፊት ይለማመድ ጀመር። እናቱ ወይዘሮ መሰለች ደረሱበት።

«አንተ፣ ጥርስህን አሞህ ነው?»

«እንግሊዝኛ ነው፣ እማዬ።»

«ታዲያ ዋጥ አድርገውና ተናገራ!»

ቢቸግረው ምስጢሩን ሊጠይቅ ላቀው ዘንድ ሄደ። ላቀው ምንም ሳይጠረጥር ከሽመና ዕቃው ሥር ትንሽ ራዲዮ አወጣ።

«ለንደን ነው። የውጭ ራዲዮ ይሰማል ብለው እንዳይዙኝ እየሸመንኩ ነው የምሰማው። ዕቃው ጧ ጧ ሲል ድምፁን ይውጠዋል። እኔ ኋላ ኋላ እያልኩ እደግማለሁ። ላንተ ስለሆነ ነው የነገርኩህ።»

አምኃ ማመስገን ሲገባው ቅናቱ ባሰበት። ለቀበሌ መጠቆም ፈራ፤ ሌላ ዘዴ ግን መጣለት። በማግሥቱ፣

«ስማ፣ አብዮት ጠባቂው ዳኜ ከእነላቀው ቤት የፈረንጅ ድምፅ ትሰማለህ ወይ ብሎ ጠየቀኝ» አለው። ውሸቱን ነበር።

የላቀው ፊት አመድ መሰለ። «ወንድም ማለት እንዳንተ ነው» ብሎ አቀፈው። ራዲዮውንም ያን ዕለት ከሰፈር አስወጣው።

ሐሙስ ማታ አምኃ ጆሮውን ግድግዳው ላይ ለጥፎ ተጋደመ። የሽመና ዕቃው ዝም ብሏል። ደስ አለው። ወዲያው ግን የሰው ድምፅ መጣ፤ የራሱ የላቀው ድምፅ። የሚደበቅ ራዲዮ ስለሌለ ጫጫታውም አላስፈለገውም። የትምህርት ቤት ጥናት ማን ይከለክለዋል? የነገውን ንግግር ጮክ ብሎ፣ አንድም ቦታ ክሩ ሳይበጠስ ያወርደዋል።

አምኃ ትራሱን ጆሮው ላይ ጫነ። አልረዳውም። ሳያውቀው ከንፈሩ ከላቀው ኋላ ኋላ እያለ መድገም ጀምሯል።

ላቀው የተኛው ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ላይ ነው፤ አምኃም እስከዚያው ከግድግዳው ወዲህ ሲደግም አመሸ።