ደሟ ረጋ

ከልጅነቴ ጀምሮ ቁጡ ነኝ። ሳልቆጣ የዋልኩበት ቀን ካለ ወይ ታምሜ ነው ወይ ተኝቼ። ደብረ ማርቆስ ሒሳብ በማስተምርበት ትምህርት ቤት ተማሪዎቼ፣ «የኮቴዋን ድምፅ ሲሰማ ሰሌዳው ራሱ ይጸዳል» ይላሉ። የመብራት ሠራተኛ የሆነው ባለቤቴ ደግሞ፣ ቀኑን ሙሉ ኤሌክትሪክ ሲያስፈራራኝ ውዬ ማታ ቤቴ ስገባ ሌላ ኤሌክትሪክ ይጠብቀኛል እያለ ለጓደኞቹ ያማኛል።

ሦስት ጊዜ አርግዤ ሦስቱም ጊዜ ሲወርድብኝ ሰው ምክንያት ለመፈለግ ያልተቸገረው ለዚህ ነው። «ደሟ እየፈላ ልጅ እንዴት ብሎ ይቀመጥ?» ተባለ። አማኑኤል ከተማ ገበያ ላይ ቅቤ ሲሸጡ የኖሩት አማቴም፣ «የረጋ ወተት ቅቤ ይወጣዋል፤ ረጋ በይ ልጄ» ይሉኝ ነበር። ክፋት አልነበረባቸውም። ሦስተኛው ጽንስ አምስት ወር ሞልቶት ነበር። ከመውረዱ በፊት በነበረው ቀን ቦኖ ውሃ ላይ ወረፋዬን ከዘለለች ሴትዮ ጋር ተጣልቼ ስለነበር፣ እኔም የሚባለውን አመንኩ። ልጄን በገዛ ምላሴ የገደልኩት መሰለኝ። ይህን ለማንም አልተናገርኩም።

ሦስተኛው ከወረደ በኋላ ላየችኝ ሐኪም ግን ገና እንደተቀመጥኩ ተናዘዝኩ። «ዶክተር፣ እኔ እቆጣለሁ» አልኳት።

እስክሪብቶዋን አስቀምጣ አየችኝ። «ቁጣ የሚያስወርድ ቢሆን ኖሮ እናቴ እኔን አትወልደኝም ነበር» አለች።

ደሜ ተቀድቶ አዲስ አበባ ተላከ፤ ከሦስት ወር በኋላም ለማረጋገጥ እንደገና ተቀዳ። ውጤቱ ሲመጣ ሐኪሟ ወረቀት ላይ እየሣለች አስረዳችኝ። ሰውነቴ ከበሽታ እንዲጠብቀኝ ያቆመው ዘበኛ ተሳስቶ የገዛ ቤቱን ይመታል። በዚህ ምክንያት ደሜ ቶሎ ይረጋል። የረጋው ደም በእንግዴ ልጁ ውስጥ ያሉትን ቀጫጭን የደም ሥሮች ሲዘጋ ልጁ ምግብ ያጣል፤ እግሬ ወይም ሳንባዬ ውስጥ ቢረጋ ደግሞ ለራሴም ያሰጋኛል። መድኃኒት ግን አለው። ከዚያ ክፍል ስወጣ እግሬ መሬት አልነካ አለኝ።

ባለቤቴ ለእናቱ ደወለ። መስመሩ እየተቆራረጠ ነበር። «እማዬ፣ ደሟ ይረጋል አሉ ሐኪሞቹ!» ብሎ ጮኸ።

«እሰይ! እሰይ! ተመስገን!» ሲሉ እኔም ሰማኋቸው።

በማግስቱ በመጀመሪያው መኪና ለጋ ቅቤ በቅጠል ጠቅልለው መጡ። «የታለች የረጋችው?» አሉ ገና ከበሩ። እኔ በዚያች ሰዓት ካልሲውን የትም ስለሚጥል ባለቤቴ ላይ እየጮህኩ ነበር። አማቴ ወደ ልጃቸው ዞረው፣ «ምነው፣ ረጋች አላልከኝም?» አሉት።

ስቄ ሳበቃ አስቀምጬ ነገርኳቸው። የረጋው ደሜ እንጂ እኔ አይደለሁም፤ ልጆቹንም ያሳጣኝ ይኸው መርጋቱ ነው። ቅቤውን ከእጃቸው አስቀመጡ።

«ከቁጣሽ አይደለም እንግዲያ?»

«አይደለም እማማ።»

«እኔ ግን ከቁጣዋ ነው እያልኩ ገበያ ላይ አውርቻለሁ» አሉና ጉልበቴን ሊይዙ ጎንበስ ሲሉ ቀድሜ ያዝኳቸው። ሁለታችንም አለቀስን። ባለቤቴ ካልሲውን ሊፈልግ ወጣ።

አራተኛውን ሳረግዝ የሕፃናት አስፕሪን እና በየቀኑ ሆዴ ላይ፣ ከቆዳው ሥር የሚወጋ መርፌ ታዘዘልኝ። ምሰሶ ላይ ተንጠልጥሎ የሚውለው ባለቤቴ መርፌውን ሲያይ ወንበር ፈልጎ ተቀመጠ። እኔም ራሴን ልወጋ ብዬ አቃተኝ። ነርሷ ስታሳየን ከኋላ ቆመው ሲያዩ የነበሩት አማቴ፣ «እስቲ ወዲህ በሉት» አሉ። ውሃ የበዛበትን ቅቤ በጣታቸው የሚለዩ ሴት ናቸው፤ ሆዴን ቆንጠጥ አድርገው ወጉኝ፤ ነርሷም አደነቀች። ከዚያ ወዲያ ገበያውን ለእህታቸው ትተው እኛው ዘንድ ከረሙ። ሐኪሟ ብዙ እንዳልቀመጥ ብትመክረኝ እሳቸው አዋጅ አደረጉት። «ዝም ብሎ የተቀመጠ ወተት ነው የሚረጋ፤ ተነሽ!» እያሉ በየማለዳው ሰፈሩን ያዞሩኝ ነበር።

እኔ ግን ዝም አልኩ። ጭንቅላቴ ሐኪሟን አምኗል፤ ሆዴ ግን አሁንም የሰዎቹን ወሬ ያምን ነበር። ተማሪ ፈተና ሲኮርጅ ባይ እንኳ በዝግታ ወረቀቱን እወስዳለሁ። ባለቤቴ፣ «ኧረ በሞቴ፣ አንድ ቀን ተቆጪኝ፤ ቤቱ ጭር አለብኝ» እስኪል ድረስ። ሆዴ በመርፌው በልዞ ዥጉርጉር ሆነ። አማቴ ሁልጊዜ፣ «አመመሽ?» ይሉኛል፤ እኔም ሁልጊዜ ፈገግ ብዬ፣ «አላመመኝም» እላለሁ።

ዘጠኝ ወሯን ለመሙላት ጥቂት ሲቀራት ሴት ልጅ ወለድኩ። ትንሽ ነበረች፤ ጩኸቷ ግን ኮሪደሩን ሞላው። ባለቤቴ ሰምቶ፣ «ወይኔ፣ ሁለት ሆኑብኝ!» ብሎ ነርሶቹን አሳቃቸው።

ከወሊድ በኋላም ደም እንዳይረጋብኝ መርፌው ለጥቂት ሳምንታት መቀጠል ነበረበት። ቤት በገባን በሦስተኛው ቀን አማቴ እንደ ልማዳቸው ቆንጥጠው ሲወጉኝ፣ «ኧረ ቀስ! በግ እየገፈፉ ነው እንዴ?» ብዬ ጮህኩባቸው።

ደንግጠው እጃቸውን ሰበሰቡ። «ዛሬ አመመሽ?»

«ሁልጊዜም ያመኝ ነበር።»

«ታዲያ ይህን ሁሉ ወር ምነው ዝም አልሽ?»

«ከተቆጣሁ ትሄድብኛለች ብዬ ፈርቼ ነው እማማ» አልኳቸው።

መርፌውን አስቀምጠው አጠገቤ ተቀመጡና ፀጉሬን ዳሰሱኝ። «በይ ጩሂ» አሉኝ። «የታመቀውን ሁሉ አውጭው።»

ጮህኩ። ደረቴ ላይ የተኛችው ልጄ አልነቃችም።