ትንሹ ሆዴና አማቴ

ከባለቤቴ ቀብር በኋላ ድንኳኑ ሲነሣ ሰዉ ሁሉ ወደየቤቱ ሄደ፤ አማቴ ግን ቀሩ። ከአበርገሌ ሲመጡ የያዙትን ፌስታል ግድግዳው ላይ ካለው ምስማር አንጠለጠሉና፣ «አንቺ እህል እስክትቀምሺ ከዚህ ቤት አልወጣም» አሉኝ።

እህልማ እቀምስ ነበር። ችግሩ ከመቅመስ አለማለፌ ነው።

ነገሩ የሚጀምረው ከጥቂት ዓመታት በፊት ነው። ያኔ በጣም ወፍራም ነበርኩ። ባጃጅ ስሳፈር ሾፌሩ ዞር ብሎ ያየኝና፣ «እትዬ፣ እባክዎ መሃል ላይ ይሁኑልኝ፣ ዳገቱ ላይ እንዳያጋድልብን» ይለኝ ነበር። መምህር ነኝ፤ ሰሌዳው ፊት ቆሜ አንድ ክፍለ ጊዜ መጨረስ አቃተኝ። ጉልበቴ አልታዘዝ አለ፤ ስኳሬም አልወርድ አለ። በመጨረሻ አዲስ አበባ ያለ ሐኪም ጨጓራዬን ቆርጦ እንቁላል የምታህል ብቻ አስቀረልኝ፤ አንጀቴንም ወደ ላይ ስቦ ከእሷ ጋር ገጠመው።

አልዋሽም፣ ጠቅሞኛል። ስኳሬ ወረደ፣ ጉልበቴ ተመለሰ፣ ባጃጅ ላይም የፈለግኩበት ጠርዝ መቀመጥ ጀመርኩ። ሆዴ ግን ከዚያ ወዲህ የቀበሌ ጸሐፊ ሆነ። ባለጉዳይ አንድ በአንድ፣ በሥርዓት ካልገባ በሩን ይዘጋል። ጥቂት ጉርሻ እቀበላለሁ፤ ከዚያ በላይ ከሆነ የገባው ሁሉ በመጣበት መንገድ ይመለሳል። በደንብ ሳላላምጥ የዋጥኩት እንጀራ ደረቴ ላይ ቆሞ ያስጨንቀኛል። ውሃና ምግብ አብረው መግባት አይችሉም፤ ቀጠሯቸው የተለያየ ነው። ጣፋጭማ አይነሣ። ምግቡ ጨጓራ ውስጥ ሳይቆይ ወደ አንጀት ስለሚወርድ፣ ጣፋጭ የቀመስኩ እንደሆነ ትንሽ ቆይቶ ልቤ ይደልቃል፣ ላብ ያጠምቀኛል፣ ሆዴ ይንጫጫል። ከዚያ ወይ ሽንት ቤት ነው፣ ወይ አልጋ።

ይህን ሁሉ በምንኖርባት በሰቆጣ የሚያውቅ ሰው አንድ ብቻ ነበር፤ ባለቤቴ። ለሌላው ሁሉ፣ ለእናቱም ጭምር፣ «የሐሞት ጠጠር ነው ያወጡላት» ብሎ የነገረው እሱ ነው።

«እናቴ ክፉ ዘመን ያየች ሴት ናት» አለኝ። «ሰው ወዶ ሆዱን አስቆረጠ ብላት አይገባትም። ጠጠር ግን ይገባታል።»

በእኛ ዘንድ ሰው የሚበላው ከአንድ ትሪ ነው። አንዱ እጁን ከሰበሰበ ሌላውም ያፍራል፤ ትንሽ ነካ ነካ አድርጎ እሱም ይሰበስባል። ስለዚህ ባለቤቴ ዘዴ ፈጠረ። ሰው ቤት ስንጋበዝ አጠገቤ ይቀመጣል፤ እያወራና ሰዉን እያሳቀ እጁን ወደ እኔ በኩል ይልካል። ከፊቴ ያለው እንጀራ እየጎደለ ሲሄድ ያየ ሁሉ የበላሁት እኔ ይመስለዋል። እሱ የእኔንም የራሱንም ስለሚበላ፣ እኔ ስከሳ እሱ ወፈረ። አጥር የምትጋራኝ ጎረቤቴ አንድ ቀን ከላይ እስከ ታች አየችንና፣ «አንቺ ሴትዮ፣ ሥጋሽን ገፍፈሽ ለሱ አለበሽው እንዴ?» አለች። እሱ ከሁላችንም በላይ ሳቀ።

እንግዲህ እሱ ሞተ፣ ድንገት፤ ልቡ ነው አሉ። ትሪው መሃል ላይ ቀርቦ አማቴና እኔ ፊት ለፊት ተቀመጥን። እኔ በኩል ያለው እንጀራ እንዳለ ነው።

«ብዪ እንጂ፣ ልጄ።»

«በላሁ እኮ፣ እማዬ። ጠገብኩ። እርስዎ ይብሉ።»

«ምኑን በላሽው? ዶሮ ከዚህ ትሻላለች። እንግዲያው እኔም ይብቃኝ።»

እጃቸውን ሰበሰቡ። ምሳም እንደዚያው፣ ራትም እንደዚያው። ሰውን ለማስበላት ድሮ የሚምሉት በልጃቸው ነበር፤ አሁን «በልጄ...» ብለው ይጀምሩና ቃሉ አፋቸው ላይ ይቀራል። ያን ጊዜ ሁለታችንም ትሪውን እናያለን።

እኔ ምን ይቸግረኛል፤ ትሪው ከተነሣ በኋላ ጓዳ ገብቼ ሌላ ጥቂት እጎርሳለሁ። አማቴ ግን የቄስ ሚስት የነበሩ፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ ጾም ያልዘለሉ ሴት ናቸው። ምግብ አልበላም ብለው ሲያድሙ የሚያሸንፋቸው የለም። ከእሳቸው ጋር እልህ መጋባት ከተከዜ ጋር እልህ እንደመጋባት ነው።

መሃል ላይ የማሩ ነገር አለ። ከዕለታት አንድ ቀን ጠዋት አማቴ ነጭ ማር በውሃ በጥብጠው አመጡልኝ። «ይህ አይታኘክ፣ ምን ምክንያት አለሽ? ልብ ያጠነክራል» አሉ። ዓይናቸውን አየሁና እምቢ ማለት አቃተኝ፤ ጠጣሁት። ልብስ ላጥፍ ብዬ ሳልጨርስ ልቤ መደለቅ ጀመረ። መሬቱ ላይ እንደ ሻሽ ተዘረጋሁ። አማቴ ጮኹ፣ ጎረቤቴ አጥሩን ልትዘል ምንም አልቀራት፣ አንዱ ጠበል ሲል ሌላው ሎሚ ይላል። ከአልጋዬ ራስጌ የነበረውን ጠበል ሁሉ ፊቴ ላይ ደፉት። በጣም ቀዝቃዛ ስለነበር፣ እውነቱን ለመናገር፣ ተመቸኝ።

«ሐዘኑ ልቧ ላይ ወጥቷል» አሉ አማቴ። «ልጄን ተከትላ ልትሄድ ነው።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ አድማው ጠነከረ። ጉንጫቸው ጎደጎደ፤ ነጠላቸው ከትከሻቸው እየተንሸራተተ አስቸገራቸው። አንድ ጠዋት የታጠበ ልብስ ሊያሰጡ ወጥተው ሲቆዩብኝ ብወጣ፣ አጥሩን ተደግፈው መሬት ላይ ተቀምጠዋል። ጎረቤቴ ክንዳቸውን ይዛለች።

«ዓይኔን ጨለም አደረገኝ እንጂ ደኅና ነኝ» አሉ።

ጎረቤቴ ወደ እኔ ዞረች። «ስሚ፣ አንቺ በሐዘንሽ ብትሞቺ ያው ያንቺ ጉዳይ ነው። እማማ ግን ምን አደረጉሽ? እኚህን ሴትዮም ልትቀብሪ ነው?»

ቀኑን ሙሉ ይህንኑ ሳስብ ዋልኩ። እውነቱን ካልነገርኳቸው አሮጊቷ በረሃብ ሊወድቁብኝ ነው። ከነገርኳቸው ደግሞ ልጃቸው፣ አፈሩ ገና ሳይጠጥር፣ ለእናቱ የዋሸ ልጅ ይሆናል። ራሱን መከላከል አይችል፤ ቀልዶ አያመልጥ። በሕይወት ቢኖርማ ነገሩን አዟዙሮ፣ አስቆ፣ በመጨረሻ እናቱን ይቅርታ ያስጠይቃት ነበር።

በማግስቱ ምሳ አቅርቤ፣ ማንም እጁን ሳይዘረጋ፣ ነገርኳቸው። ጠጠር አልነበረም፤ ጨጓራዬን ነው ያስቆረጥኩት፤ የሚይዘው ይህችን ታህል ነው አልኩና ጡጫዬን አሳየኋቸው፤ ቀጥሎም ትልቅ ሆነብኝና አውራ ጣቴን አሳየኋቸው።

አውራ ጣቴን አዩ፣ ሆዴን አዩ። ከዚያ «አሳዪኝ» አሉ። ሸሚዜን ገለጥኩ። ጠባሳዎቹ ትንንሽ ናቸው፤ ጎንበስ ብለው በጣታቸው ዳሰሷቸው።

«ይሄ የእሾህ ጭረት ነው። ጨጓራ በዚህ ይወጣል? ስንት የታረደ ፍየል ሆድ ዕቃ አጥቤያለሁ፣ ጨጓራ አላውቅ መሰለሽ?»

«በመሣሪያ ነው፣ እማዬ። የቆረጡትን አያወጡትም፤ እዚያው ውስጥ ይተዉታል።»

«ሰው እንዳይበላ ብሎ ከፍሎ ሆዱን ያስቆርጣል!» አሉና በኽምጣኛ ረዘም አድርገው ለራሳቸው ተናገሩ። ይህን ያህል ዓመት ሰቆጣ ኖሬ ግማሹን ብቻ ነው የምሰማው፤ የሰማሁት ግማሽ ምስጋና አልነበረም። ከዚያ በአማርኛ፣ ቀስ ብለው፣ «ልጄ ያውቅ ነበር?»

«ያውቅ ነበር።»

«ጠጠር ነው ያለኝ።»

«እንዳይጨነቁ ብሎ ነው።»

«ለጠጠሩ ተስዬ ነበር እኮ! ጠጠሩ በሰላም ይውጣላት ብዬ ለደብራችን ታቦት ጧፍ አስገብቻለሁ። ቄሱ ሁሉ ያውቃሉ። አሁን ምን ልበላቸው? ጠጠሩ አልነበረም ጧፌን መልሱልኝ ልበል?»

ፊታቸው ቆጣ እንዳለ ነበር። ከንፈራቸው ግን ከዳቸው። መጀመሪያ እሳቸው፣ ቀጥሎ እኔ፣ ሳቅን። ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው ትከሻቸው እየተርገፈገፈ ሳቁ፤ የቱ ጋ ወደ ለቅሶ እንደዞረ ግን አላወቅኩም።

«በልጅነቱ ሲዋሸኝ ዓይኑ ይርገበገብ ነበር» አሉ ዓይናቸውን እየጠረጉ። «ያንን ግን የነገረኝ በስልክ ነው። በስልክ ሆነና አመለጠኝ።»

ከዚያ ትሪውን ወደ ራሳቸው ሳቡና መብላት ጀመሩ። በቁጣ በሉ። እየጎረሱ ያዩኛል፣ እያዩኝ ይጎርሳሉ። ግማሽ ያህሉን ሲያገባድዱ ቆም አሉ።

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ። የማይበላው ሆድሽ ነው ወይስ አንቺ ነሽ?»

ይህን ማንም ጠይቆኝ አያውቅም፤ ሐኪሙም ቢሆን። እሱ ከሞተ ወዲህ ያችን እንቁላል የምታህለውንም እንኳ የማልሞላበት ቀን ብዙ ነበር። ጓዳ ገብቼ እጎርሳለሁ ያልኩትም ሁልጊዜ እውነት አይደለም።

«አንዳንድ ቀን ሆዴ ነው። አንዳንድ ቀን እኔ ነኝ» አልኩ።

«አውቄ ነበር» አሉ። «የሆድሽን ሐኪሙ ይወቀው። ያንቺን ግን ለእኔ ተይው።»

ከዚያ በኋላ የነበረው ጊዜ የአማቴ አገዛዝ ነው። የመዋለ ሕፃናት ልጅ የምትበላባት የምትመስል ሳህን ከገበያ ገዝተው መጡ፤ ቀኑን ሙሉ ትንሽ ትንሽ እያደረጉ ያቀርቡልኝ ጀመር። ፈተና ሳርም ሳህኗ ትመጣለች፤ እንግዳ ሳነጋግርም ትመጣለች። እስካላምጥ ፊቴ ተቀምጠው አገጬን ይመለከታሉ። «አሁን ዋጪ» ይሉኛል። ካልበላሁ፣ «ዛሬ ማናችሁ ናችሁ?» ብለው ይጠይቁኛል። «ሆዴ ነው» ስል ይተዉኛል። «እኔ ነኝ» ስል አጠገቤ ይቀመጡና ስለ ልጃቸው ያወራሉ፤ ስናወራ ሳህኗ ሳላውቀው ትጎድላለች። ማሩን ግን ቆልፈው አስቀመጡት። እሳቸው ራሳቸው ጉንጫቸው ሞላ፤ ነጠላቸውም ትከሻቸው ላይ መቀመጥ ጀመረ።

አንድ ቀን ያችን ፌስታል ከምስማሩ አወረዱ። «አሁን አትሞቺም። ፍየሎቼ ግን ይሞታሉ» አሉ። ይቆዩ ብዬ ለመንኩ፤ ቤቱ እንዴት እንደሚሆን አስቀድሞ ታውቆኝ ነበር። አልሰሙኝም።

መናኸሪያ ሸኘኋቸው። ወደ አገራቸው ወደ አበርገሌ፣ ኒሯቅ የሚሄደው መኪና ሲነሣ በመስኮት ብቅ አሉና ባላቸው ድምፅ ሁሉ፣ «እንዳትረሺ! በትንሽ በትንሹ! ሆድሽ እንቁላል ነው የሚያህለው!» አሉኝ።

መናኸሪያው ሁሉ ዞረ።

«እማማ፣ የማን ሆድ ነው?» አለ ረዳቱ።

«የምራቴ ነዋ! ያቻትና! አዲስ አበባ ሄዳ አስቆርጣው ነው!»

ስንት ዓመት የደበቅነው ነገር እኔ ቤት ከመድረሴ በፊት ቤት ደርሶ ጠበቀኝ። ጎረቤቴ አጥሩ ላይ ተደግፋ፣ «ደኅና መጣሽ፣ ባለጠጠሯ» አለችኝ። ሳቅሁ።

ማታ ብቻዬን ትንሿን ሳህን ይዤ ተቀመጥኩ። ያን ቀን የማይበላው ሆዴ አልነበረም፤ እኔ ነበርኩ። ግን ጥቂት ጎረስኩ፣ በደንብ አላመጥኩ፣ ዋጥኩ። ስልኬ ጮኸ። ኒሯቅ ኔትወርኩ ይቆራረጣል፤ ድምፃቸው ይመጣል ይሄዳል።

«በላሽ?»

«በላሁ፣ እማዬ። እርስዎስ?»

«ቆይ» አሉ። አፋቸው ሙሉ ነበር። እስኪውጡ ድረስ ስልኩን ጆሮዬ ላይ አድርጌ ጠበቅኳቸው።