ሚጣ የተንጠለጠለችበት ማንገቻ

ወንድሜ ወፍራሙን ሸራ በሁለት እጁ ወጥሮ ከመርፌው ሥር ቀስ እያደረገ ይገፋ ነበር። ግራ እጁ ይመራል፣ ቀኝ እጁ ከኋላ ይስባል፣ እግሩ ፔዳሉን ይረግጣል። ቦርሳ መስፋት ከጀመረ ሃያ ስድስት ዓመቱ ነው። የተማሪ ቦርሳ፣ የመንገደኛ ሻንጣ፣ የአናጢ ዕቃ መያዣ፣ ያልሰፋው የለም። እኔ አጠገቡ በርጩማ ላይ ተቀምጬ ትርፍ ክር እቆርጣለሁ።

ያን ቀን የሚሰፋው ግን ቦርሳ አልነበረም። ከሱቃችን በላይ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ፣ የኮምፒውተር ጌም የሚሠሩ ሰዎች አሉ። በጌማቸው ውስጥ አንዲት ሴት ጄትፓክ አዝላ ጠፈር ላይ ትበራለች። ጄትፓክ ማለት እንደ ቦርሳ በጀርባ የሚታዘል፣ ጋዝ እየለቀቀ የሚያስበርር ሞተር ነው። ሴትዮዋ ኮምፒውተሩ ውስጥ እንደ ሰው እንድትንቀሳቀስ፣ እውነተኛ ሰው ከጣሪያ በገመድ አንጠልጥለው ይቀርጻሉ። የሚንጠለጠለው ሰው ደግሞ የወንድሜ ልጅ ሚጣ ናት። ትምህርቷን ጨርሳ ሁለት ዓመት ቤት ከተቀመጠች በኋላ ያገኘችው የመጀመሪያ ሥራ ነው። “ጄትፓኩን አባቴ ይሰፋዋል” ብላ አፏን ሞልታ የተናገረችውም እሷው ናት።

“አባዬ፣ እንዳታከብደው” አለችው በሩን ተደግፋ። “ጠፈር ላይ ክብደት የለም እኮ።”

“እዚህ ግን አለ” አላት ቀና ሳይል። “ፍሬኑ የት ነው?”

“ፍሬን የለውም። ለመቆም ጋዙን ወደ ፊት መልቀቅ ነው። ተጫዋቾች መጀመሪያ ቀን ሁሉም ይረሱታል፤ በርረው ሄደው ከጠፈር ጣቢያው ጋር ይላተማሉ።”

“ጋዙ ካለቀስ?”

“ካለቀማ ትሄዳለቻ!”

“ወዴት?”

“እኔ ምን አውቄ! ዝም ብላ ትሄዳለች።”

ሳቀች። እሱ አልሳቀም። “እትዬ፣ ሰማሻት? ዝም ብላ ትሄዳለች ትለኛለች” አለኝ።

ጄትፓኩ ሲያልቅ ያምር ነበር። ውስጡ ስፖንጅ ነው፤ ግራና ቀኙ ላይ የብር ቀለም የተቀቡ ሁለት ባዶ ጣሳዎች አሉ። ገመዱ የሚታሰርበትን የብረት ቀለበት በሰፊ ማንገቻ ያዘና በመጨረሻ በሦስት መስመር ሰፋው። በማግስቱ ጠዋት ሚጣ አዝላው ደረጃውን እየዘለለች ወጣች።

ወንድሜ የተማሪ ቦርሳ አነሣና ዚፕ መስፋት ጀመረ። ጥቂት እንደሰፋ ቆመ። ጨርቁን ቢገለብጠው ከሥር ምንም አልያዘም። ከላይ ሲያዩት የተሰፋ ይመስላል፤ ጫፉን ሲስቡት ግን ክሩ ሙልጭ ብሎ ይወጣል። የስፌት መኪናውን ሆድ ከፈተው። የታችኛው ክር አልቋል።

ይሄ የማይገጥመው ሰፊ የለም። ክር ይቀይራል፣ ይቀጥላል። ወንድሜ ግን ፊቱ አመድ መሰለ።

“እትዬ፣ መቼ ነው ያለቀው?”

“አሁን ነዋ።”

“ትናንት ቢሆንስ? መጨረሻ የሰፋሁት ቀለበቱን ነው። ገልብጬ አይቼዋለሁ እንዴ? ስገለብጠው አይተሽኛል?”

አላየሁትም። ልዋሽለት ፈለግሁ፣ አፌ እምቢ አለኝ። ሚጣ ጋ ደወልን። ሲቀርጹ ስልክ ያጠፋሉ።

መርፌና ሰም የተቀባ ክር ኪሱ ከትቶ ሮጠ። እኔም የደረጃውን ብረት እየያዝኩ ተከተልኩት። ስደርስ በሩ ላይ “ቀረጻ ላይ ነን” የሚል ወረቀት ተለጥፏል፤ እሱ ገብቷል። ሚጣ ክንዷን ዘርግታ፣ ከወለሉ ሁለት ሰው ቁመት ከፍ ብላ ትንሳፈፋለች። ልብሷ ላይ ካሜራው እንቅስቃሴዋን የሚከተልባቸው ትናንሽ ነጫጭ ኳሶች ተለጥፈዋል። ከሥሯ ያለው አንድ ስስ ፍራሽ ብቻ ነው።

ወንድሜ አልጮኸም። ደንግጣ እንዳትወራጭ ፈርቶ ነው። ገመዱን የያዘው ኃላፊያቸው ጋ ሄደና በጆሮው፣ “ልጄ፣ ቀስ ብለህ አውርዳት” አለው።

“አባባ፣ ሥራ ላይ ነን እኮ።”

“ስፌቱን አላመንኩትም። ቀስ ብለህ፣ እባክህ።”

ኃላፊው ፊቱን አየና ገመዱን ስንዝር በስንዝር ለቀቀው። የሚጣ እግር ወለሉን ሲነካ ንዴቷ ፈነዳ።

“አባዬ! በሰው ፊት? ከሥራዬ ልታስባርረኝ ነው?”

“አውልቂው” አላት።

ማንገቻውን ገለበጠው። የመጀመሪያው መስመር ከሥር ይዟል። ሁለተኛውም ይዟል። ሦስተኛውን በጥፍሩ ጫር ቢያደርገው ክሩ እስከ ጫፉ ተግተልትሎ ወጣ።

“ሁለቱ ግን ይዘዋል” አለ ኃላፊው።

“ለቦርሳ ይበቃል” አለ ወንድሜ።

ሚጣ ክሩን ከእጁ ተቀብላ ጣቷ ላይ ጠቀለለችው። ንዴቷ የት እንደገባ እንጃ። ኃላፊው “ነገ እንቀጥል?” ቢላት ራሷን በእምቢታ ነቀነቀች። “አባዬ ይስፋውና እወጣለሁ። ዛሬ ካልወጣሁ ነገ እፈራዋለሁ።”

ወለሉ ላይ ቁጭ ብሎ በእጁ አራት መስመር ሰፋው፤ በየጥቂቱ እየገለበጠ። ሲጨርስ “መጀመሪያ እኔን” ብሎ አዘለው። ሰማንያ ምናምን ኪሎ ሰውዬ ጣሳዎቹን ይዞ ሲንጠለጠል የሚቀርጹት ልጆች ሳቃቸውን መያዝ አቃታቸው። ማንገቻው ንቅንቅ አላለም።

ከዚያ ሚጣ ወጣች። ወንድሜ ፍራሹ ጠርዝ ላይ ቆሞ፣ ሁለት እጁን ዘርግቶ፣ ወደ ግራ ስትሄድ ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ ስትሄድ ወደ ቀኝ ይላል።

“አባባ፣ ቀረጻው ውስጥ እየገቡብን ነው” አለው ኃላፊው።

“ልግባ።”

ከሰዓት ጅምላ ሻጩ ጋ ሄዶ ዚፕ ማምጣት ነበረበት። ሱቁ በአሥር ሰዓት ይዘጋል። ዘጠኝ ተኩል ላይ ጠጋ ብዬ “ዚፑስ?” አልኩት። አልሰማኝም፤ ዓይኑ ቀለበቱ ላይ ነበር። ዚፑም ሳይመጣ ቀረ።