ጨለማ ሐይቅ ለመምረጥ የጻፍኩት ማመልከቻ

አሥራ አምስት ዓመት ሲሞላኝ የመጀመሪያውን የአማርኛ ማመልከቻዬን ጻፍኩ። የጻፍኩት ጨለማ ይሰጠኝ ብዬ ነው።

ከምንኖርበት ከሲልቨር ስፕሪንግ አፓርትመንት ሰባተኛ ፎቅ ላይ ሆነን ማታ ሰማዩን ስናይ፣ የምናገኘው ጨረቃንና አውሮፕላን ብቻ ነው። የሳይንስ አስተማሪያችን ግን አንድ ቀን በከዋክብት የተሞላ ነጭ መንገድ ሰማይን ከዳር እስከ ዳር ሲያቋርጥ የሚያሳይ ፎቶ አመጣችና "ይሄ በዓይን ይታያል፣ መብራት የሌለበት ቦታ መሄድ ብቻ ነው" አለችን። ቅዳሜ ቅዳሜ ቤተ ክርስቲያን አማርኛ የሚያስተምሩንን መምህር ስጠይቃቸው "ፍኖተ ሐሊብ ይባላል፣ የወተት መንገድ ማለት ነው" አሉኝ። ከዚያ በኋላ ካላየሁት ሞቼ እገኛለሁ አልኩ። ስሙን በሁለት ቋንቋ የማውቀውን ነገር አንዴም ሳላየው እንዴት እኖራለሁ?

አባዬም የራሱ ምኞት ነበረው። ሥራው ከኤርፖርት መንገደኛ በቫን ማመላለስ ነው፤ ሃይዌይ ላይ አልጋና ምድጃ የተሸከመ አርቪ ሲያልፈው ግን አንገቱን አዙሮ ነው የሚሸኘው። "ቤትህን እየነዳህ መሄድ እኮ ነው" ይላል። በዚያ ሰመር ሄርንደን ውስጥ አርቪ የሚያከራይ ሰው አገኘና "ሐይቅ ዳር ሁለት ሌሊት እናድራለን" ብሎ አወጀ።

"ቦታውን እኔ ልምረጥ?" አልኩት።

"ምረጪ። ግን በጽሑፍ ይቅረብ።"

አባዬ እዚህ ከመምጣቱ በፊት አዲስ አበባ ውስጥ የአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ሠራተኛ ነበር። ለእሱ ያልተጻፈ ነገር አልተባለም። እማዬ ደግሞ አንድ ነገር ብቻ አሳሰበች፤ ፍልሰታ ከመግባቱ በፊት ይሁን። ፍልሰታ ከገባ በየቀኑ ቅዳሴ ትሄዳለች፣ ማንም ከዚያ አያነቃንቃትም። ካላንደር ይዤ ተቀመጥኩ። ፍልሰታ ሳይገባ፣ ጨረቃ የሌለችበት፣ አባዬም ሥራ የማይገባበት ቅዳሜና እሁድ ስፈልግ የተገኘው አንድ ብቻ ነበር። አንድ! እሱ ካመለጠ ትምህርት ይጀመራል፣ ሰማዩም ለሚመጣው ዓመት።

ሦስት ቀን ሙሉ ላፕቶፕ ላይ ተተክዬ ለማደሪያ የሚሆን ካምፕ ግራውንድ አገላበጥኩ። ቅርብ ያለው መዋኛም፣ ሱቅም፣ ዋይፋይም አለው፤ ሌሊቱን በሙሉ የሚበሩ መብራቶችም አሉት። ይሄማ ፓርኪንግ ሎት ነው፣ ውሃ የተጨመረበት። ሌላው ሐይቁ ያምራል፣ አርቪ ግን አያስገባም። በመጨረሻ ዌስት ቨርጂኒያ ተራሮች መሃል አንድ አገኘሁ። ለአርቪ ኤሌክትሪክ የሚሰካበት አለው፣ ጀልባ ያከራያል፣ ከማታው አራት ሰዓት በኋላ ግን መብራቱ በሙሉ ይጠፋል።  ቁጭ ብዬ ጻፍኩ፦ "ለቤተሰባችን ኃላፊ። ጉዳዩ፦ የማደሪያ ቦታ እንዲመረጥልኝ ስለመጠየቅ።" አንድ ገጽ ተኩል ሆነ። እኔ ነኝ የጻፍኩት? ብዬ ሦስት ጊዜ ጮክ ብዬ አነበብኩት።

አባዬ መነጽሩን አድርጎ ከላይ እስከ ታች አነበበው። ፊቱ ላይ የታየውን ኩራት እስካሁን አልረሳውም። "እሺ" ይላል ብዬ ስጠብቅ እስክሪብቶ አወጣና ወረቀቱ ጥግ ላይ አግድም "ለባለቤቴ፤ አስተያየት ሰጥተውበት ይመለስ" ብሎ ጽፎ ፈረመበት።

"አባዬ፣ እማዬ እኮ ኪችን ውስጥ ናት!"

"ብትሆንስ? ምሪት ምሪት ነው።"

እማዬ እጇን በጨርቅ ጠርጋ አነበበችና ከሥሩ ጻፈች፦ "መጸዳጃ ቤቱ ቅርብ ይሁን። ድብ አለ ወይ? ይጣራ።" ወረቀቱ ተመልሶ ወደ እኔ መጣ። ስለ ድብ ሌላ ግማሽ ገጽ ጻፍኩ፤ አለ፣ ግን ምግብ ውጭ ካልተተወ አይቀርብም። አባዬ ሁለቱን ወረቀቶች በስቴፕለር አያይዞ ሌላ ምሪት ጨመረበት። አሁን ደግሞ ተራው የአጎቴ ነበር፣ "ጀልባን በሚመለከት"።

አጎቴ የእማዬ ታናሽ ወንድም ነው፤ እዚሁ አቅራቢያችን አሌክሳንድሪያ ይኖራል። ባሕር ዳር ስላደገ በጀልባ ጉዳይ ከእሱ በላይ አዋቂ የለም። ማለትም፣ እሱ እንደሚለው።

"ፎቶ አንስቼ ልላክለት" አልኩ።

"ዋናው ነው የሚሄደው" አለ አባዬ።

ዋናው በአባዬ ቫን ረቡዕ ዕለት አሌክሳንድሪያ ሄደ። ሐሙስ አልተመለሰም። ዓርብም። አጎቴ ስልክ ስደውልለት "እያጠናሁት ነው፣ እንዲህ ያለ ነገር አይቸኮልበትም" ይለኛል። እሁድ ቤተ ክርስቲያን ስናገኘው ወረቀቱ ለካ መኪናው ውስጥ ወንበር ላይ ነው ያለው። ቤት ገብቼ ላፕቶፑን ስከፍት ለዚያ ቅዳሜና እሁድ አንድም ቦታ አልቀረም። ሁሉም ተይዟል።

አለቀስኩ፣ አልዋሽም። አባዬ አጠገቤ መጥቶ ቆመ። "ያ መዋኛ ያለው አለ አይደል? እሱም ሐይቅ ነው" አለኝ ቀስ ብሎ። ጥፋቱን እንዳወቀው ድምፁ ያስታውቃል።  ሰው ሐሳቡን ሊቀይር ይችላል ብዬ ሰኞን በሙሉ ያንን ገጽ ሪፍሬሽ ሳደርግ ዋልኩ። ማክሰኞም ጠዋት ተነስቼ ያው።

ከሰዓት በኋላ አንድ ቦታ ተለቀቀ! አርባ ስድስት ቁጥር፣ የመጨረሻው ጥግ ላይ። ገጹ አሥራ አምስት ደቂቃ ብቻ ነው የሚጠብቀኝ። አባዬ ጋ ደወልኩ፤ እየነዳ ነው፣ አያነሳም። ደግሜ ደወልኩ። አያነሳም። ዊተን ያለ የአረጋውያን ማረፊያ ኪችን ውስጥ ወደምትሠራው እማዬ ደወልኩ።

"ምን ሆንሽ?" አለችኝ። በሥራ ሰዓት ሲደወልላት የሞተ ሰው አለ ማለት ነው።

"ቦታ ተገኘ! አሁን ካልያዝነው ይሄዳል!"

"አባትሽ ፈረመ?"

"እማዬ፣ ወረቀቱ አጎቴ መኪና ውስጥ ነው!"

ከጀርባዋ ሳህን ሲንኳኳ ይሰማኛል። "መጸዳጃ ቤቱስ? ቅርብ ነው?"

እዚህ ላይ ቅርብ ነው ማለት እችል ነበር። ካርታው ፊቴ ነው፤ መጸዳጃ ቤቱ ሌላኛው ጫፍ ላይ ነው፣ በመሃል ደግሞ ጫካ። ምላሴ ላይ የመጣውን ዋጥኩት።

"ሩቅ ነው፣ እማዬ። በጣም ሩቅ ነው። መብራትም የለውም። ግን ኮከብ ለማየት ከሁሉም የሚሻለው እሱ ነው።"

 አሥራ አንድ ደቂቃ ቀረኝ። ከዚያ ሳቋን ሰማሁ፤ ስትስቅ አብረዋት የሚሠሩት ሴቶች ምን ሆንሽ እያሉ ሲጠይቋት ሁሉ ይሰማል።

"አንቺ ልጅ፣ አርቪው ውስጥ መጸዳጃ ቤት አለ አይደል እንዴ?"

አለ። አለ! አባዬ ፎቶውን ስንት ጊዜ አሳይቶናል። ሁለት ሳምንት ስንጻጻፍ አንዳችንም አላሰብነውም።

"ካርዱን ከመሳቢያው አውጪ" አለችኝ። "አባትሽ ቢቆጣ እኔ አለሁ።"

አባዬ አልተቆጣም። ማታ ሲነገረው ራሱን እያከከ "መቼም አስቸኳይ ሲሆን ይደረጋል" ብቻ አለ።

ዓርብ ዕለት አርቪውን ሲነዳ ብታዩት! ተራራው ላይ በሠላሳ ማይል፣ ከኋላችን የመኪና ሰልፍ፣ እሱ ግን እንደ አውሮፕላን አብራሪ ቀጥ ብሎ ተቀምጧል። "ቀበቶ!" ይለናል በየመታጠፊያው። ለጀልባው ብሎ አብሮን የመጣው አጎቴ ከኋላ አልጋው ላይ ተጋድሞ "ጋሼ፣ ሻይ የሚሰጠው ከየት ከተማ በኋላ ነው?" እያለ ያበሽቀዋል።

ቅዳሜ ጠዋት ደግሞ የአጎቴ ተራ ሆነ። ጀልባ ተከራየን፣ መቅዘፊያውን ማንም እንዳይነካበት አለ። ጀልባዋ ዞረች። ደግማ ዞረች። ከዳር ሆነው ዓሣ የሚያጠምዱ አንድ ሽማግሌ መንጠቋቸውን ትተው ያዩናል።

"አንተ፣ ጣና ላይ ይሄን ነበር የምትቀዝፈው?" አለችው እማዬ ከዳር።

"እትዬ፣ ይሄ ውሃ ሌላ ነው!"

"ውሃማ ውሃ ነው። አንተ ነህ ሌላ የሆንከው።"

በመጨረሻ እኔና አባዬ ቀዘፍናት፤ አጎቴ አቅጣጫ ሲያሳይ ዋለ።

አመሻሹ ላይ ደመና መጣ። ሁሉም ፊቴን ያያሉ። ራት በልተን ስንጨርስ ነፋስ ተነሳ፣ ደመናውም ወደ ተራራው ማዶ መሄድ ጀመረ። አራት ሰዓት ሲሆን የካምፑ መብራት ጠፋ፤ እማዬ ግን ድቡን ፈርታ አርቪው ውስጥ መብራት አብርታ ተቀምጣለች። የእሷ መብራት ሣሩን ሁሉ ቢጫ አድርጎታል።

በሩ ላይ ቆሜ "እማዬ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ውጪ" አልኳት። "አስር ደቂቃ። ድብ ከመጣ አጎቴን ነው የሚበላው፣ ወፍራም እሱ ነው።"

"ሰምቻለሁ!" አለ አጎቴ ከውጭ።

ነጠላዋን ተከናንባ ክንዴን ጨብጣ ወጣች፤ አባዬ መብራቱን አጠፋው። መጀመሪያ ምንም አልታየንም። ከዚያ ዓይናችን ቀስ በቀስ ለመደ። ከሐይቁ ማዶ ካለው ተራራ ተነስቶ፣ በላያችን አልፎ፣ ከዛፎቹ ጀርባ የሚገባ ነጭ መንገድ። ፎቶው ውሸት ነበር፤ እውነተኛው ከፎቶው ይበልጣል።

"እሱ ነው?" አለ አባዬ በሹክሹክታ።

"እሱ ነው።"

"ይሄ ሁሉ ሲልቨር ስፕሪንግም ላይ አለ?"

"አለ፣ አባዬ። ሁልጊዜ አለ። መብራቱ ነው የሸፈነብን።"

አባዬ አንገቱን ወደ ኋላ አጥፎ ቀረ።  እማዬ ቆይታ ቆይታ ክንዴን ለቀቀችኝ፤ ታጣፊ ወንበሯን በአንድ እጇ አነሳችና በጨለማው ውስጥ ወደ ውሃው መሄድ ጀመረች።

"እማዬ፣ የት ነው?"

"እዚህ ጋ ዛፍ የለም፣ ይሰፋል" አለችኝ ከሩቅ። "ወንበርሽን ይዘሽ ነይ። የኮከቦቹንም ስም ንገሪኝ፣ አንድ በአንድ።"